እታለማሁና የግድግዳዋ ገበና

እታለማሁን የሚያውቅ ሰው ስለሷ ሲያወራ ከጽዳቷ ይጀምራል። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለ ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍና የሰው መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ ትውልና፣ በአውቶቡስና በሜትሮ ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ስትገባ ገና ኮቷን ሳታወልቅ መወልወያ ታነሳለች። ታክሲ የሚነዳው ባሏ አምሃ፣ «እኔ ቤቴ ውስጥ ዳቦ የምበላው ፍርፋሪ እንዳይወድቅ ሲንኩ ላይ ተደፍቼ ነው» እያለ ለጓደኞቹ ያሾፍባታል። ሐሰት አይደለም፤ ተደፍቶ ሲበላ ያየው አለ።

እንግዲህ ከሰው ሁሉ ቤት መርጦ ሻጋታ የገባው እሷ ቤት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ!

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆች 2010፣ ያ ጉደኛ በረዶ የወረደ ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ የገዛ መኪናውን ሲፈልግ የዋለበት። እነ እታለማሁ የሚኖሩት በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ከሣሩ እኩል በሆነ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ፣ የአምስት ዓመቱ ልጃቸው ሄኒ የሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ሥር ጥቁር አዝሙድ የምታክል ነጥብ ብቅ አለች። እታለማሁ በበረኪና ድራሿን አጠፋች። ነጥቧ በሳምንቱ ዘመድ አዝማዷን ይዛ ተመለሰች። ደግማ ፈተገች፤ ደግማ መጣች።

ለአፓርትመንቱ ቢሮ ስትናገር አንድ ሠራተኛ መጥቶ ነጭ ቀለም ቀባበትና፣ የተረፈውን ቀለም ከነቆርቆሮው ሲንክ ሥር ትቶላት ሄደ። ማኔጀሯ ደግሞ፣ «ቤትሽን በደንብ ብታጸጂ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም» አለቻት። ለማን? ለእታለማሁ! ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰንቅራባት ቀረች። ሻጋታው ቀለሙን አልፎ ሲወጣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም፤ እሱም ማታ ነድቶ ቀን ስለሚተኛ ግድግዳ የሚመረምርበት ዓይን አልነበረውም።

በዚያ ላይ አማቷ ሊመጡ ነው።

እማማ ጌጤነሽ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከደብረ ብርሃን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሰው ቤት ገብተው ወንበር ሲሰጣቸው፣ ክንዱን በጣታቸው አሸት አድርገው ጣታቸውን የሚያዩ ሴት ናቸው። እታለማሁ ይህን ታውቃለች፤ ሠርጓ ሰሞን በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ትልቁን ቁምሳጥን እየገፋችና እያቃሰተች አምጥታ ሻጋታው ላይ ለጠፈችው። ወገቧን ይዛ አየችውና እፎይ አለች። ገበናዋ ተሸፈነ።

ቁምሳጥን ዓይን እንጂ ሽታ አይከለክልም። አየርም አይከለክልም። ሄኒ ማሳል ጀመረ።

መጀመሪያ ጉንፋን መሰላቸው። ጉንፋኑ ግን ቤተኛ ሆኖ ቀረ። ልጁ ከበሩ ሶፋው ድረስ ሮጦ ሳይደርስ ደረቱ እንደ ፉጨት ሲል ይሰማል። ትምህርት ቤትም ጓደኞቹ ሲሯሯጡ እሱ ከአስተማሪው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያያል ተባለ።

እማማ ጌጤነሽ ምርመራቸውን ወዲያው ጨረሱ። «ብርድ ነው» አሉ። «ይሄ መስኮት ብርድ ያስገባል።» ክፍተቱን ሁሉ በጨርቅ ወተፉት፤ በላዩም ብርድ ልብስ ጋረዱበት። ከዚያ ከሻንጣቸው የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አውጥተው በትልቅ ድስት እያፈሉ፣ ጧትና ማታ ልጁን በእንፋሎት ያጥኑት ጀመር። ክፍሉ ፍል ውሃ ሆነ። ግድግዳው ላብ ያንቆረቁራል። ልጁ ባሰበት፤ አያትየው ድስቱን አበዙት። ከቤቱ ነዋሪ ሁሉ የተመቸው ሻጋታው ብቻ ነበር።

«ይሄ ክፍል አፈር አፈር ይሸተኛል» ይላሉ እማማ አንዳንዴ፣ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ እያደረጉ።

«ምድር ቤት ስለሆነ ነው እማማ» ትላለች እታለማሁ፣ ዓይኗ ወደ ቁምሳጥኑ እንዳይሄድባት እየታገለች።

ሐኪም ቤት ወሰደችው። ዶክተሯ የልጁን ደረት አዳምጣ፣ «አስም ሳይሆን አይቀርም» ብላ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘች። ቀጥላም፣ «ቤታችሁ ውስጥ ሻጋታ አለ?» ብላ ጠየቀቻት። እዚህ ላይ እታለማሁ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ኖ! ኖ! ቤቴ በጣም ክሊን ነው!»

ዶክተሯ የጠየቀችው ስለ ልጁ ሳንባ ነበር። እታለማሁ ደግሞ የመለሰችው ለዚያች ማኔጀር ነው። አይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት አፍርሰሃል!

ፋሲካ ደረሰ። በዓሉን አሌክሳንድሪያ፣ የአምሃ እህት እንግዳወርቅ ቤት ሄደው ሰነበቱ። ሄኒ የገቡ ዕለት ትንሽ አሳለ፤ ከዚያ ተወው። ከእንግዳወርቅ ልጆች ጋር ደረጃ ለደረጃ ሲንጋጋ፣ ግቢ ወጥቶ ኳስ ሲራገጥ፣ «ና ብላ» ሲባል «ኖ፣ አይም ፕሌይንግ!» እያለ ሲያመልጥ ከረመ። ሲልቨር ስፕሪንግ በተመለሱ በነጋታው ግን፣ ሳሉ ቤት ሆኖ ሲጠብቀው የቆየ ይመስል ተነሳበት።

እማማ ጌጤነሽ ነገሩን ሲያብሰለስሉት ቆይተው እራት ላይ አወጡት።

«ልጁ ሰው ቤት አያስልም» አሉ። «እናቱ ቤት ሲገባ ነው የሚያስለው።»

እታለማሁ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

«ለክፋት አይደለም ልጄ፤ እንዳይከፋሽ። ዓይን ይሁን ብርድ ይሁን እኔ እንጃ፣ ብቻ ይሄ ቤት አልሆነውም። ሰኔ ላይ ስመለስ ይዤው ልሂድ። እኔ ጋ አንድ ሁለት ዓመት ይደግ። የደብረ ብርሃን አየር ይጠግነዋል።»

«እማዬ፣ ብርድማ ደብረ ብርሃን ነው እንጂ!» አለ አምሃ ሊያስቃቸው።

«የኛ ብርድ ንጹሕ ነው» አሉ እማማ ኮስተር ብለው።

አምሃ ሳቁን ዋጠ። ልጁ በሚያስልበት ሰዓት ሁሉ እሱም መኪና ውስጥ ሆኖ ያ ሳል ጆሮው ላይ ነው። «ናፍቆቱን ብችለው ይሻለኛል፤ ሲያፍነው ማየቱን ግን አልቻልኩም» አለና በሳምንቱ ለእናቱም ለልጁም ትኬት ቆረጠ። እታለማሁ ትኬቶቹን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። አንድ ልጇን ከእቅፏ ሊወስዱባት ነው፤ የሚወስዱት ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በዚያ ላይ ምክንያቱን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

በነጋታው ቤቱ ባዶ ሲሆን ቁምሳጥኑን ትንሽ ገፋ አድርጋ ከኋላው አየች። ጸጉር አውጥቷል። ግድግዳው ወገቧ ድረስ አረንጓዴና ጥቁር ጸጉር አውጥቷል! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሯ ሰው፤ እሷ የደበቀችው የራሷን እንኳ ቢሆን ጥሩ፣ የልጇን ነው። አልቅሳ ስታበቃ ፊቷን ታጠበች፤ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ የቤት መርማሪ እንዳለው ሰምታ ነበርና ስልኳን አንስታ ኮል አደረገች። ከስልኩ ማዶ ያለችው ሴትዮ «ችግሩ ምንድን ነው?» ስትላት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ቤቴ ውስጥ ሻጋታ አለ» አለች። ቃሉን ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

መርማሪው ሐሙስ ከሰዓት እንዲመጣ ተቀጠረ። ለአምሃ፣ «ሐሙስ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ ቤቱን ያያል» አለችው፤ ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን አሁንም አፏ ተሳሰረ። አምሃም ረቡዕ ዕለት በእንቅልፍ ልቡ ለእናቱ፣ «ነገ መንግሥት ቤታችንን የሚያይ ሰው ይልካል» ብሏቸው ተኛ።

አይ አምሃ! ይህን ለእማማ ጌጤነሽ ብሎ ይተኛል?

እማማ ቤተ ክርስቲያን ካገኟቸው ሴቶች አንድ ወሬ ሰምተዋል፦ አሜሪካ ውስጥ ቤትህ ከቆሸሸ መንግሥት መጥቶ ልጅህን ይቀማሃል። የሰሙትን ደግሞ አምነዋል። ስለዚህ ሐሙስ ጧት እታለማሁ ሥራ እንደሄደች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸነፈጡና ተነሱ። ከኪችን ጀምረው ፈተጉ። የሄኒ ክፍል ሲደርሱ፣ ከኋላው አቧራ አይጠፋም ብለው ቁምሳጥኑን በሰባ ዓመት ጉልበታቸው ገፉት።

ጸጉር ያወጣውን ግድግዳ አዩት። ጣታቸውን ማሻሸት አላስፈለጋቸውም።

እታለማሁ ከአውቶቡስ ወርዳ እየተጣደፈች በሯ ላይ ስትደርስ፣ መርማሪውም ከመኪናው ሲወርድ አንድ ሆነ። ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስነባል። እማማ ጌጤነሽ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው እጅ ነሱ። እታለማሁ ሰውዬውን በቀጥታ ወደ ሄኒ ክፍል ወሰደችው፤ በሩን ከፈተችና ክው ብላ ቀረች።

ግድግዳው እንደ ሙሽራ ቬሎ ነጭ ሆኗል። ቁምሳጥኑ ወደ ሌላ ጥግ ሄዷል። እማማ ግንባራቸው ላይ የነጭ ቀለም ጠብታ አለ።

እታለማሁ ዞር ብላ አየቻቸው። እማማ ቀስ ብለው ጠቀሷት። አዎ፣ በዓይናቸው ጠቀሷት! ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «አይዞሽ፣ ልጅሽን አይቀማሽም፤ ገበናሽን ሸፍኜልሻለሁ። ለአምሃም አልነግርም» አሏት በሹክሹክታ።

እታለማሁ ማልቀስም መሳቅም አማራት። ስንት ወር የሠጋችበት ቀን መጣ፤ አማቷ ጉዷን አዩ። ሲያዩት ደግሞ አልፈረዱባትም፤ ደብቀውላታል። እንዲህ ያለ ደግነት ግን ዛሬ፣ በዚህች ሰዓት፣ ልጇን ሊያሳጣት ነው።

«ችግሩ የቱ ጋ ነው?» አለ ሰውዬው የእጅ ባትሪውን ወዲያ ወዲህ እያደረገ። «እኔ ያየሁትን ነው ሪፖርት የማደርገው። እዚህ የማየው አዲስ ቀለም ብቻ ነው።»

«ምን አለ?» አሉ እማማ። «ወደደው?»

እታለማሁ የአማቷን ሁለት እጆች ያዘች።

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅ ሊቀማ አይደለም የመጣው። እኔ ነኝ የጠራሁት። የሄኒ ሳል ከዚህ ግድግዳ ነው። እንግዳወርቅ ቤት ያላሳለው ለዚህ ነው። እኔ አፍሬ ደብቄው ነው እንጂ ከእርስዎ በፊት ጀምሮ አለ። ይሄ ሰው ሻጋታውን ሳያይ ከሄደ ሄኒ መሄዱ ነው።»

እማማ ግድግዳውን አዩ። መርማሪውን አዩ። ከዚያ የልጁን ትንሽ አልጋ አዩ።

«ሻጋታ ነው ልጁን የሚያፍነው?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ምን አቆመሽ? አሳይው እንጂ!»

ይህን ብለው የሄኒን ፍራሽ በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ገለበጡት። ለካ ጧት ማጠቢያ ጊዜ አጥሯቸው ገልብጠው አንጥፈውት ኖሯል! የፍራሹ ጀርባ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። «ይኸውና!» አሉ። መርማሪው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቢያይ ባላመነ ነበር። እታለማሁ ምንጣፉን ከጥጉ ገልጣ፣ «እዚህም አለ! ሉክ!» ትላለች። እማማ ግድግዳው ውስጥ ያለውን የልብስ ክሎዜት ከፍተው አረንጓዴ የሆነ ጫማ ያወጣሉ። እሷ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ስትገነጥል እሳቸው ጋቢያቸውን ከሻንጣ ጎትተው፣ «ይሄንንም በይው! ደህና ጋቢ ነበር በይው!» ይላሉ። እታለማሁ ማንኪያ አምጥታ እርጥቡን ቀለም ስትፍቀው ከሥሩ ጥቁሩ ብቅ አለ፤ እሷም ሎተሪ እንደደረሳት ሰው «አገኘሁት!» ብላ ጮኸች። ያቺ ፍርፋሪ የማታስነካ ሴት፣ ለባዕድ ሰው የቤቷን ጉድ እየዞረች አስጎበኘች።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ይበቃል» አለ ሰውዬው ሳቁን እየታገለ። «ቀለሙን ማን ነው የቀባው?»

«ምን ይላል?» አሉ እማማ።

«ማን ቀባው ነው የሚለው።»

«እኔ ነኝ በይው። እሷ የለችበትም በይው፤ እንዳይቆጣሽ።»

ሰውዬው አልተቆጣም። ከቦርሳው አንዲት ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋት መጮህ ጀመረች። ወደ ውጭ ወጣ፤ ሕንፃውን ዞሮ ተመለሰ። የጣሪያውን ውሃ የሚያወርደው ቱቦ ከግድግዳው ጀርባ ተሰብሮ፣ ዝናቡና በረዶው በሙሉ በዚያ ሲሰርግ መክረሙን ነገራት። መስኮቱ መታፈኑ ደግሞ እርጥበቱን መውጫ አሳጥቶታል። ድስቱን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እታለማሁ ስትነግረው ራሱን ይዞ ሳቀ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት በመጨረሻ። «ይሄ የቆሻሻ ነገር አይደለም። ውሃ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ብታጸጂም አይለቅም ነበር። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።»

እታለማሁ ያን ጊዜ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ማንም እንዲህ ያላት አልነበረም። እማማ ደንግጠው፣ «ምን ብሎሽ ነው? ሰደበሽ እንዴ?» ብለው ሰውዬውን በዓይናቸው ሊውጡት ሲደርሱ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች የተባለውን ሁሉ አስረዳቻቸው። የውሃውን ነገር፣ የመስኮቱንም፣ የድስቱንም።

እማማ ራሳቸውን ያዙ። «ወይ ጉዴ! ለካ በባሕር ዛፍ ሳክም የከረምኩት ሻጋታውን ኖሯል! ከደብረ ብርሃን ድረስ ተሸክሜ ያመጣሁት ቅጠል!» አሉና ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። በሳቁ ድምፅ የነቃው አምሃ ዓይኑን እያሻሸ መጥቶ ያንን ሁሉ ጉድ ተዘርግፎ ሲያየው፣ «ሌባ ገባ?» አለ።

ካውንቲው የሕንፃውን ባለቤት እንዲያሠራው አስገደደ፤ ቢሮውም ቱቦውና ግድግዳው ሲሠራ እነሱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ባዶ ቤት አዛወራቸው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ እማማም ክፍት እንዲሆን እያቅማሙ ፈቀዱ። ጋቢያቸውን ደርበው ከንፋሱ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ እንጂ አይዘጉትም። የሄኒ ሳል ግን ባንድ ጊዜ አልለቀቀም። አንድ ቀን ይተወዋል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። መድኃኒቱም አልቀረ። የመሄጃው ቀን እየቀረበ ነው፤ የልጁን ትኬት ማንም አንስቶ አላወራም። እታለማሁ «ትንሽ ያስላል እኮ ልጄ» እንዳትባል ለመጠየቅ ፈራች። ሥራ ላይ አንሶላ ስታነጥፍ ልቧ ቤት ነው።

ሰኔ በገባ ቅዳሜ ጧት በሩ በኃይል ተንኳኳ። እታለማሁ ስትከፍተው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤት በቤት ልብሳቸው ቆመዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«ልጅሽ!» አሉ። «ልጅሽ ከነጋ ጀምሮ ጣሪያዬ ላይ ይሮጣል!»

ዱሮ ቢሆን እታለማሁ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

«ምን ያደርጋል አሉኝ?» አለች።

«ይሮጣል! ከዚያ እዚህ፣ ከዚህ እዚያ!»

«ሳይቆም?»

«ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይቆምም!»

«ሲያስልስ ይሰማዎታል?»

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ሳል? የምን ሳል? ጩኸቱን ነው የምሰማው እንጂ!»

እታለማሁ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ ደገመቻቸው። ሴትዮዋ የመጡበት ቁጣ ጠፍቷቸው ደርቀው ቀሩ። እማማ ጌጤነሽ ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«እማማ፣ ሄኒ ሮጠብኝ ይላሉ! ከነጋ ጀምሮ ሳይቆም ሮጠ፣ ሳል የሚባልም አልሰማሁ፣ አስቸገረኝ ነው የሚሉት!»

እማማ ጌጤነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። ኮሪደሩ አስተጋባ፤ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ሄኒ ምን እንደተፈጠረ ሊያይ ከሳሎኑ እየበረረ መጥቶ በአያቱና በእናቱ መሃል ሾልኮ ወደ ደረጃው ተፈተለከ።

«አምሃ! አምሃ ተነስ!» አሉ እማማ ጌጤነሽ። «የልጁን ትኬት መልስ! እኔ በዚህ እድሜዬ ይሄን የሚያባርር እግር ከየት አመጣለሁ? እናቱ ትሩጥበት!»

እናቱም እየሮጠች ደረጃውን ወረደች።